ታንዚ ትረፍ፣ አትረፍ

ሰው ሁሉ አስተያየት ነበረው። የፈረስ ሐኪሟ አስተያየት ነበራት፣ የጋጣው ባለቤት ቬርና አስተያየት ነበራት፣ ድርቆሽ የሚያመጣልን ሰውዬ እንኳ ጭነቱን ሳያራግፍ «ይቺ ታንዚ የምትያት ባዝራ ዘንድሮ ክረምቱን ሳትጋለብ ትረፍ እንጂ ኢርማ» ብሎኝ አረፈው። ድንቄም መካሪ! አንተ ድርቆሽህን አራግፍ። «ታንዚ ካረፈች ሌስተር ምን ይሆናል?» ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድ ሰው የለም።

ሌስተር ባሌ ነው። ፓርኪንሰን የሚሉት በሽታ ከያዘው ቆይቷል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እግሩ ደግሞ ሲያሻው መሬት ላይ ተጣብቆ ይቀርበታል። በተለይ በር ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ብትጎትተው አይሄድ፣ ብትገፋው ይወድቃል። ታንዚ ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ሰው ነው። ወገቡ ይፈታል፣ እጁ ልጓሙን ይዞ ይረጋል። ሜዳውን ሁለት ሦስቴ በእርምጃ ዞሮ ሲወርድ ለግማሽ ቀን ያህል የድሮው ሌስተር ሆኖ ይውላል፦ ደረጃውን ራሱ ይወጣል፣ ሾርባውን ሳያፈስ ይበላል፣ እኔንም አምሮበት ይሰድበኛል። የነርቭ ሐኪሙ ሳይቀር «ከኔ ኪኒን ይልቅ ባዝራዋ ናት ያቆመችህ» ብሎታል።

ታዲያ ባለፈው ጸደይ ጉንፋን ጥሎት ወር ያህል ሳይጋልብ ከረመ። ከአልጋው ሲነሳ ደረጃ መውጣት አቅቶታል፣ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍም አቅቶታል። ታንዚ ላይ መልሰን አወጣነው። ደረጃው በስንት መከራ በጁላይ ተመለሰለት። ቁልፉ እንደወጣ ቀረ፤ ይኸው እስከዛሬ እኔ ነኝ የምቆልፍለት። የአንድ ወር ዕረፍት ይህን ካደረገ፣ አንድ ሙሉ ክረምት ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

በእኛ አገር ክረምት ገብቶ መሬቱ በውርጭ ሲጠጥር፣ እያንዳንዱ ፈረስ ይጋለብ ወይስ ይረፍ ብሎ መወሰን ግድ ነው። ክረምቱን የሚጋለብ ከሆነ በረዶ ላይ እንዳያንሸራትተው ኮቴው ላይ ጥርስ ያለው ብረት ይመታለታል። የሚያርፍ ከሆነ ብረቱ ይወልቅና ወደ ቬርና የኋላ መስክ ይለቀቃል፤ በረዶው እስኪቀልጥ እዚያው ጸጉሩን አሳድጎ፣ ከመንጋው ጋር ድርቆሹን እየበላ ይከርማል። ብረት የሚመታልን ድዌይን የሚመጣው የአጋዘን አደን ወቅት ባለቀ ማግስት፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከዚያ በኋላ ፍሎሪዳ ይወርድና የሀብታም ፈረሶች ሲያገለግል ይከርማል። ሐሳቤን ቀየርኩ ብትለው እስከ ኤፕሪል አታገኘውም።

የፈረስ ሐኪሟ ዶክተር ማርጎ የመጣችው በዚያው ሳምንት መጀመሪያ ላይ ነው። የታንዚን የኋላ እግር አጥፋ ይዛ ቆየችና ለቀቀችው፣ ሶምሶማ እንዳስሮጣት አዘዘችኝ። እኔና ታንዚ እኩል እያነከስን ሮጥን።

«ሃያ አንድ ዓመቷ ነው ኢርማ» አለችኝ ዶክተሯ፣ ጓንቷን እያወለቀች። «መገጣጠሚያዋ አርጅቷል። በጠጠረ መሬት ላይ ሰው ተሸክማ ክረምቱን ከገፋች አትዘልቀውም። ጸጉሯ በዝቶ ደህና ትመስላለች እንጂ ደክሟታል። አሳርፊያት።»

«ያረጀ ፈረስ አንዴ ከቆመ ይመለሳል?»

«አንዳንዱ ይመለሳል።»

«ያረጀ ሰውስ?»

መሬት መሬት አየች። «እኔ የፈረስ ሐኪም ነኝ እኮ» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሌስተር ለካ በሩ ላይ ተጣብቆ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። «ዶክተር፣ መጥተሽ እኔንም እዪኝ እስቲ፤ ጥርሴን ልክፈትልሽ?» አላት። እሷ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፣ እሱ ግን አልሳቀም። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ መንገድ መንገዱን እያየ፣ «ኢርማ፣ አሁን ከወረድኩ ሁለተኛ አልወጣም» አለኝ። መሪውን ጨብጬ ነዳሁ። ምን እለዋለሁ? «ትወጣለህ» ብዬ ልዋሸው?

ቆቅ ወዲህ ምዝግዝግ ወዲያ ሆነብኝ። ታንዚን ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ልጅ አልወለድንም፣ እሷ አለች። እሱ ደግሞ ሌስተር ነው። ሌላ መላ ስፈልግ ቬርናን ለመንኳት። ቬርና ድምፀ ጎርናና፣ ክንደ ወፍራም፣ ካርታ ስትጫወት የምታጭበረብር፣ ልቧ ግን ንጹሕ የሆነ ሴት ናት።

«ባንጆን ውሰዱት!» አለችኝ። ባንጆ ሕፃናት የሚጋልቡት ሰንጋ ፈረሷ ነው። «ባንጆ እኮ ፈረስ አይደለም፣ በግ ነው። በግ! ታንዚ ትረፍ፣ ሽማግሌሽ በባንጆ ይንሸራሸር። አለቀ ደቀቀ።»

እኔም እሰይ አልኩ፤ እንዲህ ቀላል ነበር እንዴ ብዬ ራሴን ረገምኩ። በማግስቱ ባንጆን መወጣጫው እንጨት አጠገብ አቆምነው። ሌስተር ወጣ፣ ግራ እግሩን እርካብ ውስጥ አስገባ፣ ከዚያ ተጣበቀ። አንድ እግሩ እርካብ ላይ፣ አንዱ እንጨት ላይ፣ መሐል አየር ላይ ቀረ። ታንዚ ጋ ስንቴ እንዲህ ሆኗል! እሷ ጆሮዋን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጋ፣ እስኪለቀው ድረስ ንቅንቅ አትልም። ማንም አላስተማራትም፤ እንዲያው ገብቷት ነው። ባንጆ ግን ጥቂት ቆሞ ሰለቸውና ጎኑን ገለል አደረገ። ሌስተር ተንጠለጠለ። እኔ ካፖርቱን፣ ቬርና ወገቡን ይዘን እየተንገዳገድን መወጣጫው ላይ አስቀመጥነው። ፊቱ እንደ አመድ ሆነ።

«በጉ አመለጠ» አለ።

ማንም አልሳቀም። ቬርና ባንጆን በጥፊ ልትለው እጇን አነሳችና ተወችው። ሌላ ፈረስ የሚባል ነገር እንደሌለ ያን ጊዜ ገባኝ። ያለችው ታንዚ ብቻ ናት።

ዓርብ ዕለት ቆረጥኩ። በቃ፣ ወሰንኩ አልኩ። ሲወስኑ ደግሞ ወደ ኋላ የማይመለሱበት አድርጎ ነው። የጸጉር መሸለቻውን ማሽን ከሳጥኑ አወጣሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የተሸለተ ፈረስ መስክ ላይ አይከርምም፤ ጸጉር የለውማ፣ ብርዱ ይገድለዋል። የሚሸለተው ክረምቱን ሙሉ የሚሠራ፣ ጋጣ የሚያድር ፈረስ ነው። ታንዚን ከሸለትኳት ዶክተር ማርጎም፣ ቬርናም፣ የድርቆሹ ሰውዬም አፋቸውን ይዘጋሉ። ነገ ድዌይን ሲመጣ ባለ ጥርሱን ብረት ይመታላታል፣ ሌስተርም ይጋልባል። ታንዚስ? ታንዚን አስታምማታለሁ፣ እግሯን አሻለሁ፣ መድኃኒቷን አጃዋ ውስጥ አደርጋለሁ፣ የመጣው ይምጣ። እንዲህ ነበር ያልኩት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

ቬርና ከተማ ወርዳ ነበር። ሌስተር የኮርቻው ክፍል ውስጥ ማሞቂያው አጠገብ ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጣል። እኔ ታንዚን መተላለፊያው ላይ አሰርኳትና ከግራ አንገቷ ጀመርኩ። ማሽኑን ትወደዋለች፤ ከንፈሯን አንጠልጥላ ታንጎላጃለች። ዳማው ጸጉር ጥቅልል እያለ እግሬ ላይ ወደቀ። አንገቷን ጨረስኩ፣ ትከሻዋን ጨረስኩ፣ ወደ ጀርባዋ ወጣሁ። ያን ጊዜ እጄ ቆመ።

ከትከሻዋ ኋላ፣ ኮርቻው በሚያርፍበት በግራ በኩል፣ ሥጋ የለም። ጡጫዬን ብከተው የሚገባበት ጉድጓድ ሆኗል። አከርካሪዋ ወጥቷል፣ ጎድኗ አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ቆዳዋ አብጦ ቀልቷል። በጣቴ ብነካው ያቺ ጨዋ ባዝራ ጥርሷን ገጥማ ወለሉን ረገጠች።

እዚህ ጋጣ ውስጥ ጀማሪ በመጣ ቁጥር እኔ ነኝ እኮ «በክረምት ዓይንህን አትመን፣ ጸጉር ይዋሻል፣ ጣትህን ከጸጉሩ ሥር አስገብተህ ዳስስ» እያልኩ ሰው የማሰለቸው! እኔ ራሴ ግን በየቀኑ ብሩሹን ከላይ ከላይ እያስኬድኩ «እንዴት አምሮባታል» ስል ከረምኩ። ደሜ ፈላ። በማን ላይ እንደሆነ አላውቅም። ማሽኑን አጠፋሁና ግንባሬን አንገቷ ላይ ደግፌ ቆምኩ።

ድምፁ ሲጠፋ ነው መሰል ሌስተር እግሩን እየጎተተ መጣ። መሬት ላይ ያለውን ጸጉር አየ። ለምን እንደሸለትኳት ወዲያው ገባው፤ ፊቱ በራ። ሰላሳ ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ ሲያየኝ ትዝ አይለኝም።

«አንቺ እብድ ሴትዮ» አለኝ። «በቃ ሸለትሻት?»

ዓይኔን ከጀርባዋ አልነቀልኩም። ቀረበና የኔን ዓይን ተከትሎ ጀርባዋን አየ። የሚንቀጠቀጥ እጁን አንስቶ ጉድጓዱ ውስጥ አሳረፈው።

«በግራ ብቻ ነው?»

በቀኝ በኩል ጣቴን ከጸጉሯ ሥር አስገብቼ ዳሰስኩ። ከሲታ ናት፣ ግን ጉድጓድ የለም። «በግራ ብቻ» አልኩት።

ሁለት ዓመት ሙሉ «ሌስተር ቀና በል፣ ወደ ግራ ዘመምክ» እያልኩ ከሜዳው ዳር ስጮህበት ነው የኖርኩት። በሽታው ነው የሚያዘምመው፤ እሱ ቀጥ ያለ ይመስለዋል። ጉድጓዱን የቆፈረው የሱ ክብደት እንደሆነ ሁለታችንም ገባን። እሱ ግን መላ መፈለግ ጀመረ። «ወፍራም ፍራሽ ከኮርቻው ሥር ብናደርግላት? ቀዳዳ ያለው፣ ቁስሉን የማይነካ? በእርምጃ ብቻ ኢርማ። አንድ ዙር። አንድ ዙር ምን ያደርጋታል?» ይላል። ድምፁ የልጅ ልመና ሆነብኝ። «ነገ እናያለን» ብቻ አልኩት።

ይሄኔ ቬርና የበቆሎ ከረጢት ተሸክማ ገባች። «ወይ ጉድ! ይቺን ዶሮ ማን ነው ግማሽ ነጭቶ የተዋት?» ብላ ሳቋን ልትለቀው ስትል ጀርባዋን አየች። ከረጢቱን አስቀመጠች። ሄዳ የራሷን ፈረስ ወፍራም ብርድ ልብስ አምጥታ አለበሰቻት።

ቅዳሜ ጠዋት ድዌይን መኪናውን አስጠግቶ ሞረዱንና ጉጠቱን አወረደ። አባቱም ለኛ ብረት ይመታ ነበር፤ ልጁ ጨዋ ነው፣ ጨዋታ ያበዛል። ስለ ሆኪ ቡድኑ ሽንፈት እያወራ ባንጆን ጨረሰ፣ የቬርናን ፈረሶች ጨረሰ፣ ከዚያ ታንዚ ጋ ደረሰ።

«እሺ፣ የኔ ቆንጆ» አላት። ወደኛ ዞረ። «ምን ላድርግላት? ባለ ጥርሱን ልምታ ወይስ ላውልቅ?»

«ባለ ጥርሱን ምታላት» አለ ሌስተር፣ እኔ አፌን ሳልከፍት።

«ሌስተር» አልኩት።

«ምታላት ድዌይን። ቀለል ያለውን።» እኔን አያየኝም፤ ብረቶቹን ነው የሚያየው።

«ሌስተር፣ ጀርባዋን አይተሃል እኮ።»

«አይቻለሁ!» ጮኸ። ፈረሶቹ ሁሉ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «አይቻለሁ፣ ዓይን አለኝ! ግን እኔስ? እሷ አራት ወር ታርፍና ትነሳለች። እኔ አርፌ እነሳለሁ? ንገሪኛ! አንቺ ሁሉን የምታውቂው!» ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። «ኢርማ፣ በሞቴ። በሞቴ ይቺን ክረምት ብቻ።»

በሞቴ ብሎኝ አያውቅም። ሌስተር ከትናንት በፊት ለምኖኝ የሚያውቅ ሰው አይደለም። ድዌይን መዶሻውን ይዞ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያል፤ ምስኪን፣ የት እንደሚገባ ጠፋው። ቬርና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እንግዲህ...» አለ ድዌይን ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እኔ ባለቤቷ ያለውን ነው የማደርገው። የማን ናት?»

ሌስተር በታመመ ዓመት፣ በልደቱ ቀን፣ ወዳጅ ዘመድ በተሰበሰበበት «ከዛሬ ጀምሮ ታንዚ ያንተ ናት» ብዬው ነበር። ሁሉም አጨብጭቦ ነበር። እሱም ከዚያ ወዲህ ለሰው ሁሉ «ባዝራዬ» ነው የሚላት።

«የኔ ናት» አልኩ። «አውልቀው።»

ድዌይን አጎነበሰ። ሚስማሩ ሲነቀል የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ ጥርስ ሲነቀል የሚሰማ ዓይነት ነው። ታንዚ ዓይኗን ጨፍና እግሯን በተራ በተራ ሰጠችው። ሌስተር ሁለተኛው ብረት እስኪወልቅ ቆሞ ነበር። ከዚያ ዞሮ ወደ መኪናችን መሄድ ጀመረ። በሩ ላይ ተጣበቀ። ልረዳው ስጠጋ፣ ሳይዞር እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ አቆመኝ። ራሱ እስኪላቀቅ ድረስ ከኋላው ቆሜ ጠበቅሁ፤ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ።

መኪና ውስጥ ስገባ እያለቀሰ ነበር። ቁልፉን ሳላዞር ተቀመጥኩ።

«ልክ ነሽ» አለኝ። «ልክ እንደሆንሽ አውቃለሁ። ግን ዛሬ አታናግሪኝ።»

አላናገርኩትም። ቤት ደርሰን ካፖርቱን ሳወልቅለት፣ ሸሚዙን ስፈታለት፣ ሾርባውን ሳቀርብለት አላናገርኩትም። ሳህን እያጠብኩ ግን ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ንዴት ነው ያስለቀሰኝ። በሽታው ላይ ተናደድኩ፣ ብርዱ ላይ ተናደድኩ፣ እግዜር ላይም ተናደድኩ። ያችን ጠዋት መልሰው ቢሰጡኝ ያንኑ እንደምል ማወቄ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነበር።

ታንዚ ግማሽ ጎኗን ተሸልታ መስክ መውጣት ስላልቻለች ክረምቱን ከቬርና ጋጣ አጠገብ ያለችው ትንሽ አጥር ውስጥ ከረመች። ብርድ ልብሷን ጠዋትና ማታ የምቀይር እኔ ነኝ። ሌስተር ከዚያ ቀን በኋላ ጋጣው ድርሽ አላለም። መጀመሪያ ደረጃው ሄደበት፤ አልጋውን ከቬርና ጋር ተጋግዘን ወደ መመገቢያ ክፍሉ አወረድነው። ቀጥሎ ማንኪያው ሄደበት። የሰውነት እንቅስቃሴ ልታሠራው የምትመጣ ልጅ እግሩን ታነሳለታለች፣ ታጥፍለታለች፣ ጎበዝ ትለዋለች፤ እሱም «ጥሩ ልጅ ነሽ» ይላታል። እግሩ ግን ከወለሉ አንድ ጣት አይነሳም።

ታንዚስ? ታንዚ ድርቆሿን በላች። ብርድ ልብሷን እየገለጥኩ በጣቴ እዳስሳታለሁ፣ አሁን ዓይኔን አላምንም። እብጠቱ በገና ሰሞን ጠፋ። ከዚያ ጉድጓዱ ቀስ በቀስ ሞላ። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር አጥሩ ውስጥ ብቻዋን ስትፈነጭ፣ ጭራዋን ሰቅላ ስትጋልብ አየኋት። ቬርና ከኋላዬ መጥታ «አየሻት ይቺን ጎረምሳ? ነገ ኮርቻ ቢጫንባት ምንም አትልም» አለችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስም ብሎኛል፤ ያስጠላኝም እሱ ነው።

ኤፕሪል ላይ ድዌይን ከፍሎሪዳ ተመልሶ ስልክ ደወለ። ሌስተር መስኮቱ አጠገብ፣ ጉልበቱ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጎ ተቀምጧል።

«ኢርማ፣ ታንዚስ? ብረቷን ልምታላት?» አለኝ ድዌይን።

«አይ፣ ገና ናት» አልኩት። «ስትደርስ እደውልልሃለሁ።»

ስልኩን ዘጋሁ። ክረምቱን ሙሉ ስለ ታንዚ ጠይቆኝ የማያውቀው ሌስተር ቀና ብሎ አየኝ።

«ጀርባዋ አልሞላም እንዴ?» አለኝ።

«አልሞላም» አልኩት። «ገና ነው። ትንሽ ትረፍ።»

ዓይኔን ትክ ብሎ አየ። ዓይኔን እንዳልሰብር ስንት ነገር ቻልኩ። ከዚያ ብርድ ልብሱ ሥር ያሉትን እግሮቹን አየና ጉልበቱን በእጁ ቀስ አድርጎ አሸው።

«ምስኪን» አለ። «አታጣድፊያት።»